የስድስት መቶ አርባ ሰው እግር ያለበት ዲስክ

ጥቅምት 4

ለወንድሜ ልጅ ለችኩሊት፦

ሰላምታዬ ከእኔ ቀድሞ ደጅሽን ያንኳኳ። ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራው እንዴት ያደርግሻል? እግርሽስ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጆሮዬ ብቻ ከእኔ ጋር መኖር ሰልችቶታል። ስልክ ስትደውዪ ግማሹን የማልሰማው ለዚህ ነውና አትቀየሚኝ። ሶል መቁረጫው ማሽን ሃያ ዓመት ሙሉ ጆሮዬ ሥር ሲጮህ ኖሯል። ደብዳቤ ይሻለኛል፤ ያልገባኝን መልሼ አነበዋለሁ።

ዛሬ የጻፍኩልሽ ለሰላምታ ብቻ ነው ብል ውሸት ይሆናል። ከማሽኑ ጋር የተያያዘው ላፕቶፕ አርጅቷል። ጠዋት እከፍተዋለሁ፤ ሱቁን ጠርጌ፣ ቆዳውን አውጥቼ፣ የማስቲሹን ቆርቆሮ ከፍቼ ስመለስ እሱ ገና ያስባል። ከባለፈው ወር ወዲህ ደግሞ ከውስጡ ጠቅ፣ ጠቅ የሚል ድምፅ ጀምሯል። እኔ እንኳ ሰማሁት፤ ምን ያህል እንደሚጮህ ከዚህ ገምቺ። ጎረቤቴ ሬዲዮ ጠጋኙ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠና፣ ታማሚ አልጋ አጠገብ የቆመ ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሃርድ ዲስኩ ሊሄድ ነው አለኝ።

አዲስ ላፕቶፕ ግዛ እንዳትዪኝ። የማሽኑ ፕሮግራም አሮጌ ስለሆነ ከዚህ ላፕቶፕ ጋር ብቻ ነው የሚግባባው፤ በሁለት አዳዲሶች ሞክረን በሁለቱም እምቢ ብሏል። ጉዳዩ የማሽኑ ብቻ ቢሆን ግድ አልነበረኝም። ዲስኩ ላይ ግን የስድስት መቶ አርባ ሰው እግር አለ። አንድ እግሩ ያጠረበት፣ ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት፣ ጣት የጎደለው፣ ተሰብሮ በደንብ ያልገጠመለት፤ የእያንዳንዱ ሰው አሥራ አራት ልኬትና የውስጥ እግሩ ሥዕል። የአንቺም አለበት። ይህ ከጠፋ እኔ እንደማንኛውም ጫማ ሰፊ ነኝ፤ እነዚያ ሰዎች ደግሞ ሶላቸው ሲያልቅ ምርኩዝ መፈለጋቸው ነው። ፍላሽ ላይ ለመገልበጥ ሞክረን መሃል ላይ ደርሶ ደረቀ። ሬዲዮ ጠጋኙ እንደሚለው አዲስ ዲስክ ከተገኘ፣ ቀስ ተብሎ ሁሉም በአንድ ጊዜ ሊዛወር ይችላል፤ እዚህ ግን ዲስክ የሚሸጥ የለም።

ከላፕቶፕ ጋር ስለምትውዪ ነው አንቺን የማስቸግረው። ቢሞላልሽ ጥሩ፤ ባይሞላልሽ ምንም አይደለም፣ እንዳትጨነቂ።

አጎትሽ ጫማ ሠሪው


ጥቅምት 27

ለማከብርዎ ለጋሼ፦

ሰላምታዬን ጎንበስ ብዬ አቀርባለሁ። ጤናዎ ይብዛልኝ፤ ጆሮዎም ይታረቅዎ። ደብዳቤዎን የተቀበልኩት ከሥራ ስመለስ ነው። ሊፍቱ ስለተበላሸ በደረጃ እየወጣሁ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ አረፍ ብዬ እዚያው ቆሜ ጨረስኩት።

ጋሼ፣ ለዚህ ነገር ከእኔ የተሻለ ሰው ከየትም አያገኙም። ልኩራበትና የምሠራበት ቤት መሥሪያ ቤቶች የጣሉትን ላፕቶፕ ገዝቶ፣ አጽድቶና ፈትሾ መልሶ ይሸጣል። የእኔ ጠረጴዛ የዲስክ ጠረጴዛ ነው። በቀን ስልሳ ሰባ ዲስክ በእጄ ያልፋል፤ ጤነኛውን ወደ ቀኝ፣ ሕመምተኛውን ወደ ግራ አደርጋለሁ። የግራዎቹ ወደ ባለጓንቷ ይሄዳሉ። ባለጓንቷ ከአጠገቤ የምትሠራ ትልቅ ሴትዮ ናት፤ የሞተ ዲስክ ከፍታ የምትመረምር፣ ጓንቷን ለምሳ እንኳ በግድ የምታወልቅ።

ትናንት በምሳ ሰዓት ለእርስዎ ስል ሦስት ዓይነት ዲስክ አወዳደርኩ፤ ባለጓንቷ ሰዓት ያዘችልኝ። የመጀመሪያው የእርስዎ ዓይነት ነው። ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለ፣ በላዩም መርፌ የመሰለ ነገር ይመላለሳል፤ ጠቅ ጠቅ የሚለው መርፌው መንገዱ ሲጠፋበት ነው። ሁለተኛው በመልክም በመጠንም ከመጀመሪያው አይለይም፣ ውስጡ ግን የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም፤ ኤስ ኤስ ዲ ይባላል። ሦስተኛውም ኤስ ኤስ ዲ ነው፣ ግን እንደ ማስቲካ የቀጠነ። ላፕቶፕ ለማስነሳት የመጀመሪያው ሁለት ደቂቃ ከአሥራ አምስት ሴኮንድ ፈጀ፤ ሁለተኛው ሃያ ሁለት ሴኮንድ፤ ሦስተኛው አሥራ አራት። ትልቅ ፋይል ሲገለበጥማ አይወዳደሩም፦ የመጀመሪያው ስድስት ደቂቃ፣ ሁለተኛው አንድ ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ቀጭኑ አሥር ሴኮንድ። ባለጓንቷ ሰዓቷ የቆመ መስሏት አራገፈችው።

ፍጥነቱ ይህን ይመስላል፤ ግን ከገጠመ ብቻ ነው። ቀጭኑ የሚገባው ለእሱ ተብሎ የተሠራ ጠባብ ማስገቢያ ባለው ላፕቶፕ ላይ ነው፤ አሮጌዎቹ ብዙዎቹ ያ የላቸውም። ስለዚህ ሁለት ነገር ይዩልኝ። አንደኛ፣ ከሆዱ ሥር የተለጠፈውን የሞዴል ቁጥር። ሁለተኛ፣ ጠባብ ማስገቢያ እንዳለው። እስከዚያው ላፕቶፑን አያጥፉ አያብሩ፤ በተነሣ ቁጥር ዕድሜው ያጥራል።

እግርሽስ ብለው ጠይቀውኛል። እዚህ የማይሸጥ የጫማ ዓይነት የለም፤ ደህና ነኝ።

የወንድምዎ ልጅ


ኅዳር 15

ለችኩሊት፦

ደብዳቤሽ ደርሶኝ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋለ። ባለጓንቷን ሳላያት ወድጃታለሁ፤ ሰላም በዪልኝ።

ያልሽኝን አይቻለሁ። የሞዴል ቁጥሩ ወረቀት ማስቲሽ በነካ እጄ ሳነሣውና ሳስቀምጠው ተፍቆ አልቋል፤ አንድ ሰባትና ግማሽ ስምንት ብቻ ይታያል። ጠባብ ማስገቢያው ግን አለ። በግራ ጎኑ፣ ከቻርጀሩ ቀዳዳ ከፍ ብሎ። ቆዳ የምቆርጥበትን ምላጭ ብሰድበት ጥልቅ አለ። ሬዲዮ ጠጋኙን አልጠየቅሁትም፤ አንድ ነገር ከጠየቅሽው የሬዲዮን ታሪክ ከመጀመሪያው ነው የሚጀምርልሽ። ስለዚህ ቀጭኑ ይገባል ማለት ነው። ግን ያገኘሽውን ላኪ፤ እኔ አላማርጥም።

ጠቅታው ከበፊቱ በረታ። አንዴ ካበራሁት ወዲህ፣ ካጠፋሁት ነገ አይነሣም ብዬ እየፈራሁ ቀንም ሌሊትም እንደበራ እተወዋለሁ። አውቶብስ ከሱቁ ፊት ሲቆም ወለሉ ይርገበገባልና፣ ከሥሩ የተጣጠፈ ገበር አንጥፌለታለሁ።

ስለ እግርሽ የጻፍሽልኝ አንድ መስመር ናት። ስለ ዲስክ ሙሉ ገጽ ጽፈሻል።

አጎትሽ


ታኅሣሥ 6

ለጋሼ፦

ይህ ደብዳቤ ከዕቃው ጋር አብሮ ይደርስዎታል። እንደምን አሉ? ሰላምታዬ ረዘም ያለ መሆን ነበረበት፣ ግን መንገደኛው ዛሬ ይነሣል፤ በር ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።

ቀጭኑን ልኬልዎታለሁ። ከቤቱ ሁሉ ፈጣኑ እሱ ነው፤ በእጄ ሦስት ጊዜ ፈትኜዋለሁ። እኛ ሠራተኞች በዓመት አንድ ጊዜ ከመደርደሪያው አንድ ዕቃ ለራሳችን እንድንወስድ ይፈቀድልናል። ሌላው ሰው ላፕቶፕ ይወስዳል፣ ስክሪን ይወስዳል። እኔ ይህችን አንሥቼ ስፈርም የመጋዘኑ ኃላፊ ሌላስ አለኝ፤ ሌላ የለም አልኩት። ባለጓንቷ፣ የላፕቶፑ ሆድ ተከፍቶ ፎቶው ሳይመጣ አትላኪ ብላኝ ነበር። እኔ ግን ጋሼ አይቻለሁ ካሉ አይተዋል አልኳት። ሌላ መንገደኛ እስኪገኝ ሁለት ወር መሄዱ ነው፤ የእርስዎ ዲስክ ያን ያህል ላይታገስ ይችላል።

አዛውሮ መገልበጫው ገመድ አብሮ አለ። ሬዲዮ ጠጋኙ ታሪኩን ጨርሶ ሲያበቃ ይሠራልዎታል። እነዚያ ሁሉ እግሮች ከዳኑ ዘንድሮ ሌላ ምንም ባልሠራ አይቆጨኝም።

የወንድምዎ ልጅ


ጥር 2 (ተጽፎ ያልተላከ)

ለችኩሊት፦

ዕቃው በደህና ደርሷል። ችግሩ፣ ዲስኩ አይገባም። እኔ ማስገቢያ ያልኩሽ የካሜራ ካርድ መክተቻ ኖሯል፤ ሬዲዮ ጠጋኙ ሆዱን ከፍቶ አሳየኝ። ለቀጭኑ የሚሆን ቦታ ጭራሽ የለውም። ቁጭ ብሎ ያለቀሰ ሽማግሌ አላየሁም ይላል፤ አላለቀስኩም፣ ዓይኔ ውስጥ ማስቲሽ ገብቶ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ምላጭ ሰድጄ ገባ ያልኩሽ። በዓመት አንዴ የምታገኚውን ዕቃ አስበላሁሽ። አሁን ደግሞ ሌላ ላኪልኝ ብዬ


ጥር 9

ለችኩሊት፦

እጅሽ ይባረክ። ዕቃው በደህና ደርሶኛል፣ ደስታዬ ወሰን የለውም። ሬዲዮ ጠጋኙም አድንቋል። በሥራ መብዛት ምክንያት ረጅም አልጽፍልሽም። ሁሉም መልካም ነው፣ ላፕቶፑም ደህና ነው። ስለ እኔ ሐሳብ አይግባሽ፣ ሌላም ነገር እንዳትልኪ።

አጎትሽ


ጥር 30

ለጋሼ፦

ሰላምታዬን ከነሣቄ ይቀበሉልኝ። ደብዳቤዎን ለባለጓንቷ አነበብኩላት፤ ጓንቷን አውልቃ ጨበጠችኝ። አንድ ነገር ብቻ ረስተዋል። ላፕቶፑ ሲነሣ ስንት ሴኮንድ ይፈጃል? ከጠረጴዛዬ በላይ የለጠፍኩት የፍጥነት ዝርዝር አለ። «የጋሼ ላፕቶፕ» ብዬ ጽፌ ቁጥሩን ባዶ ትቼዋለሁ። ቆጥረው ይጻፉልኝ።

ከዚያ በተረፈ አንድ ልመና አለኝ። የእኔን ፋይል ከፍተው አሥራ አራቱን ልኬት በወረቀት ይላኩልኝ። ለምን እንደሆነ እንዳያስጨንቅዎ፤ ከሥራ ቦታዬ አጠገብ አንድ ጫማ ሰፊ አለ፣ ምን እንደሚል ለማየት ያህል ነው። የአሮጌው ዲስክ ነገር ቢሆን አላስቸግርዎም ነበር፤ አሁን ግን በአዲሱ ደቂቃም አይፈጅብዎ።

የወንድምዎ ልጅ


ሚያዝያ 11

ለወንድሜ ልጅ፦

ሰላምታ ለመስጠት እንኳ አፍሬአለሁ። ሰላምታውን ከደብዳቤው መጨረሻ ላይ ፈልጊው፤ እስከዚያ አንብበሽ ከደረስሽ።

ቀጭኑ ዲስክ አልገባም። ከመጀመሪያውም ቦታ አልነበረውም፤ እኔ ማስገቢያ ያልኩሽ የካሜራ ካርድ መክተቻ ነው። ይህንን ጥር ላይ ጽፌልሽ ነበር። ወረቀቱ አሁንም መሳቢያ ውስጥ አለ። ግን እንዴት ብዬ ልላከው? የዓመት ዕቃዋን ሰጠችኝ፣ ተሳሳትኩና ከንቱ አስቀረሁባት፤ ደግሞ ሌላ አምጪ ልበላት? ስለዚህ ሁሉም መልካም ነው አልኩሽ። አይገባም ብሎ መጻፍ ሁለት ቃል ነበር። ይሉኝታ ያዘኝ።

ከዚያ በኋላ ላፕቶፑን አላበራሁትም። መፍትሔ እስኪገኝ ይረፍ ብዬ፣ ደንበኛ የሚያመጣውን አሮጌ ጫማ ልክ አድርጌ ሶል በእጅ በቢላ ስቆርጥ ከረምኩ። ሁለት ሰው ባስተናግድ ነው በሳምንት። እንዲህ እንዳለሁ የአንቺ ደብዳቤ መጣ፤ ልኬቴን ላኩልኝ የሚለው። ለማየት ያህል ነው ብለሻል። አንቺ እግርሽን ካላመመሽ በቀር ከሌላ ጫማ ሰፊ ደጅ የምትቆሚ ሰው አይደለሽም፤ ይህን ያህል አውቅሻለሁ። ፋይሉ በአዲሱ ዲስክ ላይ አለ ብለሽ አምነሻል። የለም እንዳልልሽ ውሸቴ ሊወጣ ነው። ሁለት ሳምንት ወረቀትሽን በኪሴ ይዤ ዞርኩና ማክሰኞ ጠዋት አበራሁት።

ሁለቴ እምቢ ብሎ በሦስተኛው ተነሣ። በቀጥታ ወደ አንቺ ፋይል ሄድኩ። አሥራ አራቱን ቁጥር በእርሳስ ገለበጥኩ፣ ስስ ወረቀት ስክሪኑ ላይ ለጥፌ ሥዕሉን አሳልፌ ሣልኩ። ወረቀቱን እንዳነሣሁ ሚስማር ቆርቆሮ ሲፍቅ ያለ ድምፅ መጣ። እኔም ሰማሁት፣ ከውጪ አውቶብስ የሚጠብቁትም ዞር አሉ። ከዚያ ዝም። ሬዲዮ ጠጋኙ መጥቶ ሞከረ፣ ነቀለ፣ መልሶ ሰካ። መጨረሻ ላይ ባርኔጣውን አወለቀ።

ስለዚህ ከስድስት መቶ አርባው የተረፈው የአንቺ ብቻ ነው።

ሬዲዮ ጠጋኙ ባትሪውን ሲያወጣ የሞዴል ቁጥሩ ከሥሩ ታትሞ አገኘነው፤ ከዚህ ገጽ ጀርባ ገልብጬዋለሁ። እስካሁን ባትሪ አውጥቶ ማየት ለማንኛችንም አልመጣልንም። የሞተውን ዲስክ ለባለጓንቷ ልኬአለሁ፤ የምታደርገው ነገር ካለ። ቀጭኑንም መልሻለሁ፣ ሳይጫር እንዳለ ነው። ከተረፈው ልኬትም ጫማሽን ሠርቼ አብሬ ሰድጃለሁ። ቀኙ ታኮ ሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ከፍ ብሏል፣ እንደ ድሮው። ከሥራሽ አጠገብ ላለው ጫማ ሰፊ አሳዪውና ምን እንደሚል ስሚው።

ሰላምታዬ ይኸው። ይቅርታ አድርጊልኝ።

አጎትሽ


ግንቦት 3

ለጋሼ፦

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ተናድጃለሁ። ንዴቴን ደብቄ ልጽፍልዎ ብዬ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ፤ አራተኛው ይህ ነው። እኔ እኮ ሌላ ዲስክ ለመፈለግ አንድ የምሳ ሰዓት ነበር የሚበቃኝ። እርስዎ ግን እኔን ላለማስቸገር ብለው የስንት ሰው እግር!

አሁን ወጣልኝ። ከዚህ በኋላ ያለው የራሴ ነው። ባለጓንቷ ፎቶ ሳታዪ አትላኪ ብላኛለች፣ መንገደኛው በር ላይ ቆሟል ብዬ ላክሁ። ችኩሊት ያሉኝ በከንቱ አይደለም። ፈጣኑን ዲስክ ልላክልዎ ስል የሚገባውን መላክ ረሳሁ፤ ያውም ከገጠመ ብቻ ነው ብዬ በራሴ እጅ ጽፌልዎ። ቸኩዬ ባልልክ ኖሮ እርስዎም የሚደብቁት ባልኖረ።

የሞተውን ዲስክ ባለጓንቷ ሁለት ቀን ይዛው ዋለች። ሦስተኛው ቀን ጠራችኝና በአጉሊ መነጽር አሳየችኝ። መርፌው ሳህኑን ዙሪያውን አርሶታል፤ ከዱቄት የሚነበብ ነገር የለም አለች። እኔ በቀን ስንት ዲስክ ወደ ግራ ስጥል እንዲህ ተሰምቶኝ አያውቅም። የማን ምን እንደነበረበት አላውቅም ነበር።

ሁለተኛውን ዓይነት ልኬልዎታለሁ፤ መልኩ ከአሮጌው ጋር አንድ የሆነውን። የእርስዎን ሞዴል መጋዘን ውስጥ ቆፍሬ አግኝቼ በእሱ ላይ ገጥሜ ሞክሬዋለሁ፤ አሮጌውንም ሲስተም ጭኜበታለሁ፣ የማሽኑን ፕሮግራም ከማሽኑ ጋር ከመጣው ሲዲ ይጫኑ። አራት ብሎን ነው፤ ይገባል፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ባለጓንቷ የዘንድሮ ዕቃዋን ለእርስዎ ብላ ወስዳ ነው፣ እኔም ቀጭኑን ሰጠኋት። ሲነሣ ሃያ ሁለት ሴኮንድ፣ ቢበዛ ሃያ ሦስት ይፈጃል፤ ከዚያ ካለፈ ይጻፉልኝ። ባይገባ ደግሞ አልገባም ብለው በዚያው ቀን ይጻፉ።

ጫማው ደርሶኛል። ልክክ ብሏል። እግዜር ይስጥልኝ፤ ሌላ ሰፊ ዘንድ አልሄድም።

የወንድምዎ ልጅ


ሰኔ 20

ለችኩሊት፦

ሰላምታዬ ብዙ ነው፤ ለባለጓንቷም አካፍያት። ዲስኩ ገባ። ራሴ ነኝ ያስገባሁት፣ ሬዲዮ ጠጋኙ አጠገቤ ቆሞ ስለ መጀመሪያዋ ሬዲዮ እያጫወተኝ። ሃያ አራት ሴኮንድ። ሦስት ቀን በተከታታይ ቆጥሬዋለሁ፣ ሦስቱንም ቀን ሃያ አራት። ዝርዝርሽ ላይ ሙዪው። ማሽኑም ቆረጠ። ማስቲሹን ለመክፈት እንኳ ጊዜ አልሰጠኝም።

ግን ስከፍተው ባዶ ነው። በግራ በኩል የሰው ዝርዝር የሚመጣበት ቦታ ነጭ ሆኖ ቀረ። በኋላ ካርቶን ቆርጬ፣ «የድሮ ደንበኞቼ፣ ልኬታችሁ በእኔ ጥፋት ጠፍቷል፤ እባካችሁ እንደገና ልለካችሁ፤ ክፍያ የለውም» ብዬ ጻፍኩና በሩ ላይ ሰቀልኩ።

እስከ ዛሬ ድረስ አርባ ሦስት ሰው መጥቷል። አሁን የምነግርሽን ተቀምጠሽ አንብቢው። የድሮው ቁጥር ቢጠፋም ከድሮው ቁጥር የቆረጥኩት ጫማ እግራቸው ላይ ነው። ስለዚህ እግራቸውን ለካሁ፣ ጫማቸውንም ለካሁ። ከአርባ ሦስቱ አንድም አልገጠመም። አንድም። ያን ጊዜ ልጅ የነበሩት ማደጋቸው ይሁን፤ አዋቂዎቹም ሰፍተዋል፣ ጎብጠዋል፣ ክብደታቸውን ወደ ሌላው ጎን አዙረዋል። ላፕቶፑ ከመጣ ወዲህ እኮ አንዴ የለካሁትን ሰው መልሼ መለካት ትቼ ነበር። ሰው ሲመጣ ስሙን እጠይቃለሁ፣ ፋይሉን እከፍታለሁ፣ እቆርጣለሁ። እግሩን ሳላይ የሸኘሁት ስንቱን ነው።

የአውቶብስ ቲኬት ሻጯን ታስታውሻታለሽ፤ ከሱቄ ፊት የምትቆመዋን፣ ቁርጭምጭሚቷ የዞረውን። ትንሹ ጣቷ ጥፍሩ ወልቋል። ከመቼ ጀምሮ ነው አልኳት። ሦስት ዓመት አለችኝ። በዚህ ሦስት ዓመት ሦስት ጥንድ ጫማ ሠርቼላታለሁ፤ ሦስቱንም ልክ ነው ብላ፣ አመስግናኝ፣ እየሣቀች ነው የወጣችው። ምነው ሳትነግሪኝ ብዬ ተቆጣሁ።

«እንዳይከፉብኝ ብዬ ነው» አለችኝ።

ከዚያ በላይ ልቆጣት አልቻልኩም። ምን ብዬ ልቆጣት? መሳቢያዬ ውስጥ ያልተላከ ደብዳቤ አለ።

ከእሷ በኋላ የመጡትን ሁሉ በአንድ ነገር ነው የጀመርኩት። አመመህ ወይ አልልም፤ የት የት ያምሃል ነው የምለው። እንዲህ ሲባል ሰው ይናገራል። አንዱ ጡረተኛ መምህር አሥር ደቂቃ ሙሉ ተናግሮ ሲጨርስ መጀመሪያ ቀለለኝ አለ፣ ጫማው ገና ሳይሠራ።

እንግዲህ ወደ አንቺ ልምጣ። አርባ ሦስት ሰው ነው የለካሁት፣ ሁሉም የከተማው ሰው፣ በየቀኑ ከፊቴ የሚያልፍ፤ የድሮ ልኩ ላይ የቆየ አንድም ሰው የለም። ካየሁሽ አሥራ አንድ ዓመት የሆነኝ አንቺ፣ ቀኑን ሙሉ ቆመሽ የምትሠሪ፣ በደረጃ የምትወጪ፣ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በተወሰደ ልኬት የተሠራ ጫማ ልክክ አለልኝ ትዪኛለሽ። ጫማውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ልክክ ሊል እንደማይችልም የማውቀው እኔው ነኝ።

ስለዚህ ደህና ነሽ ወይ ብዬ አልጠይቅሽም። የት የት ያምሻል?

አጎትሽ


ሐምሌ 8

ጋሼ፣

ሰላምታዬ ዛሬ ይቆየኝ። ያመኛል።

ቀኝ ተረከዜን ያመኛል፣ ከዚያ ወደ ጉልበቴ ይወጣል፤ ከሰዓት በኋላ ወገቤን ይይዘኛል። ከእርስዎ የወሰድኳቸው ሁለት ጥንድ ጫማዎች ካለቁ ሰባት ዓመት ሆነ። ከዚያ ወዲህ እንደ ማንኛውም ሰው ከሱቅ እገዛለሁ፣ ቀኙ ውስጥ ዲስኮቹ ተጠቅልለው የሚመጡበትን ስፖንጅ ቆርጬ እከታለሁ፤ ሲጠፈጠፍ እቀይረዋለሁ። ከሥራዬ አጠገብ አለ ያልኩዎ ጫማ ሰፊ የሚባል ሰው የለም። ልኬቱን የፈለግሁት ስፖንጁን በልክ ለመቁረጥ ነበር። ይህን ብነግርዎ ጫማ ሠርተው ሊልኩ መሆኑን አውቃለሁ፤ ጊዜዎን ልሻማ አልፈለግሁም። ይህም ይሉኝታ ነው መሰለኝ።

የላኩልኝን ጫማ አራት ቀን አደረግሁት። አምስተኛው ቀን ባለጓንቷ ካልሲዬ ላይ ደም አየች። ልክክ ብሏል ብዬ የጻፍኩልዎ በዚያው ቀን ነው። ስድስት መቶ ሰላሳ ዘጠኝ ሰው አጥተው ያተረፉት ቁጥር ነውና እንዴት ብዬ አልሆነኝም ልበልዎ? ደብዳቤዎን ስታነብብ ባለጓንቷ ሁለታችሁም አንድ ናችሁ አለችኝና ጓንቷን አጥልቃ ወደ ሥራዋ ዞረች።

የዓመት ፈቃዴን ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። ነሐሴ 12 ጠዋት ሱቅዎ እደርሳለሁ። ደንበኛ ካለ ተራዬን እጠብቃለሁ። ስገባ እንዴት ነሽ ይሉኛል፤ እኔም ልማዴ ነውና ደህና ነኝ እልዎታለሁ። አይመኑኝ። ወንበሩ ላይ ያስቀምጡኝና ይለኩኝ።

የወንድምዎ ልጅ